የሚሸጥ ሞተር፤ ደላላ አይደውል

ሳሌሃ ሞተሩን ያወቀችው በብርድ ልብሷ ነው። ዓርብ ጠዋት ገና ከፍራሿ ሳትነሣ ስልኳን ከፍታ፣ የቡታጅራ ሰው ዕቃ የሚሸጥበትን የፌስቡክ ገጽ ስታገላብጥ፣ ከአንድ ያገለገለ ፍሪጅና ለአረፋ ከቀረቡ ሁለት ሰንጋዎች ቀጥሎ ቀይ ሞተር ብቅ አለ። ቀይ ሞተር በከተማው ሞልቷል። ከኋላው አጥር ላይ የተሰጣው፣ ነብር የተሳለበት ብርድ ልብስ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከጅዳ ስትመለስ «ሻንጣሽ ከብዷል» ሲሏት ጫማዎቿን ጥላ ይዛው የመጣችው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «የሚሸጥ ሞተር። ንጹሕ፣ አደጋ ያልነካው፣ ወረቀቱ ያለቀ። ዋጋ 42 ሺህ፣ መጠነኛ ድርድር አለው። ባለቤቱ ነኝ፤ ደላላ አይደውል።» ስልክ ቁጥሩ የታናሽ ወንድሟ የራምዚ ነው።

«ባለቤቱ ነኝ» የምትለዋን ደጋግማ አነበበቻት። ሞተሩን የገዛችው እሷ ናት። ስድስት ዓመት የሰው ልጅ አዝላ፣ የሰው ወለል ፈትጋ ካገኘችው ሁሉ የተረፈው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ለቤቱ ቆርቆሮ፣ ለአባቷ ሕክምና፣ ኋላም ለአባቷ ለቅሶ ሄዷል። ስምምነታቸው ግልጽ ነበር። እስክትመለስ ራምዚ ሰው ይጭንበታል፤ ስትመለስ ይሸጥና መናኸሪያው አጠገብ የልብስ ስፌት ቤት ትከፍትበታለች። ከተመለሰች ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። የሞተሩን ነገር ባነሣች ቁጥር አንዱ ያስለዋል፣ ሌላው ክረምቱን ያማል፣ ወሬው በዚያው ይቀራል።

የምትተኛበት ክፍል ድሮ የበርበሬ ጆንያ ይቀመጥበት የነበረ ነው፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ያስነጥሳታል። ከራምዚ ክፍል የሚለያት አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። መስኮቷ ግቢውን ያያል። ራምዚ አሁን እዚያው ግቢ ውስጥ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ሞተሩን በሳሙና ያጥባል፣ እያፏጨም ነው። ለሰባት ወር ጭቃውን ያላራገፈለትን ሞተር ዛሬ በጥርስ ብሩሽ ጎማው ድረስ ወርዶ ይፈትገዋል። የእሷ እህትነት አንድ ቀን እንኳን እንዲህ በብሩሽ አልተፈተገም ስትል አሰበች።

ሳሌሃ ፌስቡክ ላይ ወንድ ናት። ጅዳ ሳለች በስሟ የከፈተችውን ገጽ የማታውቃቸው ወንዶች በሰላምታና በጽጌረዳ ሥዕል ቢያጥለቀልቁባት ዘጋችውና፣ ጀማሉ ሰይዶ በሚል ስም ሌላ ከፈተች። ፎቶው የጭነት መኪና ነው። ለጀማሉ ጽጌረዳ የላከለት ሰው የለም። በዚሁ ጀማሉ ስም ነው አሁን በውስጥ መስመር «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሞተሩ አለ?» ብላ የጻፈችው። ግቢው ውስጥ የራምዚ ስልክ ጢን አለ። ፉጨቱ ቆመ። እጁን በሸሚዙ ሲጠርግ በመስኮቱ ቀዳዳ አየችው። አለ፣ ከየት ነህ ወንድሜ አላት። ከወልቂጤ ነኝ፣ ወልቂጤና አገና መካከል ሸቀጥ የማመላልስ ነኝ፣ ጠንካራ ሞተር እፈልጋለሁ አለችው። ብረት ነው አላት። ዋጋው ላይ ጥቂት ተከራከረችው፤ ወንድ ስትሆን ክርክር እንዴት እንደሚቀል ገረማት። ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ወረደላት። ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ጥያቄ የጻፈችው።

«ሊብሬው በስምህ ነው?»

ወደ ቤቱ በር ሲገላመጥ በመስኮቱ አየችው።

«በእህቴ ስም ነው። ግን ሙሉ ውክልና አለኝ። መሸጥ መለወጥ ይላል።»

ሳላይ ከወልቂጤ ድረስ ጭቃ አልረግጥም፣ ሊብሬውንም ውክልናውንም ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ አለችው። ራምዚ ወደ ትልቁ ቤት ገባ። ትልቁ ቤት ከራምዚ ክፍል ቀጥሎ ነውና ጆሮዋን ኮምፔርሳቶው ላይ ለጠፈች። እናቷን ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያናግር ሰማችው፤ ቀጥሎ የእናቷ የብረት ሣጥን ሲከፈት የሚያሰማው ሲጥሲጥታ መጣ። ያ ድምፅ ልቧን ሰበረው። የሣጥኑ ቁልፍ ከእናቷ ሻሽ ጫፍ ተፈትቶ አያውቅም። ከሁለት ሳምንት በፊት ሳሌሃ የሞተሩን ወረቀት ስትጠይቅ፣ እናቷ ሃሊማ አዲስ አበባ አጎትሽ ዘንድ ነው ብላ ዓይኗን ሳታሽ የነገረቻት ወረቀት ከአልጋ ሥር ነው ያለው።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ገቡ። ሊብሬው ላይ የእሷ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ተጽፏል። የውክልናው ሦስተኛ ገጽ ላይ ፊርማዋ አለ፤ ጫፉ የተንጋደደ ነው። ጅዳ ቆንስላው ውስጥ በፈረመችበት ቀን አሠሪዋ ደጅ መኪና ውስጥ ሆና ጥሩንባ እየነፋች ስላጣደፈቻት ምን እንደምትፈርም አላነበበችም ነበር። ራምዚ በስልክ «ለታርጋ ማሳደሻ ነው፣ ፈርመሽ ላኪልኝ» ብሏት ነበር። አሁን አነበበችው። እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ ገንዘቡንም እንዲቀበል ይላል። ለታርጋ ማሳደሻ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሻይ ቤት የሚሠራ ልጅ እንኳን ሦስት ገጽ ወረቀት ሳያነብ አይፈርምም ብላ ራሷን ሰደበች። ከዚያ ሳታስበው አንድ ጥያቄ ጨመረች። እህትህስ፣ በኋላ የእኔ ነው ብላ ብትመጣብኝ?

«አለች፤ ግን ታማለች። ከአረብ አገር ስትመለስ አእምሮዋ ልክ አይደለም። ሞተሩንም የምሸጠው ላሳክማት ብዬ ነው። ስትመጣ የሆነ ነገር ብትቀባጥር አትስማት ወንድሜ።»

እንባ አልመጣላትም። ቁጣው እንባውን ቀድሞት ነበር። «አላህ ያሽራት» ብላ ጻፈች። ራምዚ «አሚን» ብሎ መለሰላት። ከጁምዓ በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ብሩን ይዞ እንዲመጣ ለጀማሉ ቀጠሮ ሰጠውና፣ ፉጨቱን ካቆመበት ቀጠለ።

ስትወጣ እናቷ በረንዳው ላይ ሻይና ትናንት የተረፈ ቆጮ አቅርባ ነበር። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዝናቡ ከቆርቆሮው ጫፍ ይንጠባጠባል። ሳሌሃ ለአንድ ስኒ ሻይ ያህል ጠበቀች፤ እናቷ የሣጥኑ ነገር እንዳይነሣባት እግሯን እየሰበሰበች መሬት መሬት አየች። በመጨረሻ ራምዚ ሞተሩን ሊሸጥ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሃሊማ መልሱን አዘጋጅታ ነበር። ልጁ ከአረፋ በኋላ ኒካሕ አለበት፣ የልጅቷ ቤተሰብ ወርቅ ይጠብቃል፣ አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ ለበዓሉ ሲገቡ በእጁ ይዞ ካልቆመ የሟች አባቱ ስም ነው የሚነሣው፤ አንቺ ደግሞ ሴት ነሽ፣ ከቤት አትወጪ፣ ሞተር ምን ያደርግልሻል አለቻት። ሳሌሃ አመመኝ እንዴ፣ እንዲያ ብላችሁ ነው ለሰው የምትናገሩት አለቻት። እናቷ ይህን ጊዜ ቀና አለች።

«ያልታመመ ሰው በጨለማ ተነሥቶ ወለል ያጥባል?»

እውነት ነው፣ ታጥባለች። ስድስት ዓመት ከአዛን በፊት ተነሥታ የአሠሪዎቿን ወለል አጥባለች፤ አሁንም ያ ሰዓት ሲደርስ ዓይኗ ይገለጣል፣ መተኛት ያቅታታል፣ ባልዲውን ታነሣለች። እናቷ በዚያ ንጹሕ ወለል ላይ እየሰገደች ልጇን እብድ ማለቷ ነው። ሳሌሃ ሻዩን ሳትጨርስ ተነሣች፤ ጥቁር ዐባያዋን ደርባ ወጣች። ወዴት ነው ብሎ የጠየቃት የለም።

የዓርብ ገበያ ስለሆነ ባጃጁ በሰውና በሰንጋ መሐል እየተሹለከለከ አሥር ብር አስከፈላት፤ ሌላ ቀን በሦስት ብር የምትሄድበት መንገድ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ የውክልናውንና የሊብሬውን ፎቶ ከስልኳ አስወጣች። ሰነድ የሚረጋገጥበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ስትደርስ ለአምስት ተኩል አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ዓርብ መሆኑን አስታወሳት፤ ቢሮው ለጁምዓ ይዘጋል፣ ሰባት ተኩል ነይ፣ እስከዚያ ማመልከቻሽን አጽፊ አላት።

ማመልከቻ ጸሐፊው ዱባለ ከአጥሩ ሥር በትልቅ ጃንጥላ ተጠልሎ ይቀመጣል፤ ሽበታም፣ ጣቱ በእስክሪብቶ የቀለመ ሰው ነው። ውክልና መሻር እፈልጋለሁ፣ ጋሼ አለችው። ወረቀቱን ተቀብሎ ስሙን ሲያነብ ቀና ብሎ አያት። ራምዚ በሳምንት ሁለት ቀን በዚያው ሞተር ወደ ቤቱ ያደርሰዋል።

«የራምዚ እህት ነሽ? ያቺ ያመማት?»

«አላመመኝም።»

ተመስገን ነው፣ ተመስገን ነው አላት፤ ለሕፃን በሚነገርበት ቅላጼ። የቤተሰብ ነገር ቢሮ ሳይገባ በሽማግሌ ቢያልቅ አይሻልም ወይ፣ ወንድም እኮ ነው፣ ነገ ብትሞቺ ቀባሪሽ እሱ ነው እያለ መከራት። ሳሌሃ የብር ቦርሳዋን አወጣች። ምክሩን እንዳልተቀበለችው ሲያይ ሃምሳ ብር ነው፣ ቅድሚያ ትከፍያለሽ አለ። ከእሷ በፊት የነበረችው ሴትዮ ሠላሳ ከፍላለች፣ እሱም ካለቀ በኋላ ነው። ከፈለችው። እየጻፈ ሳለ የለመደችው የሞተር ድምፅ መጣ። ራምዚ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጓደኛውን ሙባሪክን ከኋላ ጭኖ ወደ መስጊድ ያልፋል። ሞተሩ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ሳሌሃ ከጃንጥላው ጀርባ ጎንበስ አለች። ራምዚ ሲያልፍ ለዱባለ እጁን አውለበለበለት፤ ዱባለም አውለበለበ፤ ስለ እሷ ግን ምንም አልተናገረም። ምናልባት ሃምሳ ብሩ ይሆናል ዝም ያሰኘው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሰባት ተኩል ሲሆን ቢሮው ተከፈተ፤ ሦስት ሰዎች ቀደሟት። ተራዋ ሲደርስ ስምንት ከሩብ ሆኖ ነበር። ባለሙያዋ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ትባላለች፤ ስሟ ጠረጴዛው ላይ በእንጨት ተጽፏል። ሹራብ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ምድጃ ያጣ ሰው ፊት ይዛ ተቀምጣለች። ማመልከቻውን አነበበች፣ መታወቂያዋን አገላበጠች፣ ከዚያ በበሩ በኩል ወደ ዱባለ ጃንጥላ አየት አደረገች። የተነገራት ነገር እንዳለ ሳሌሃ ገባት። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብላ ጠየቀቻት። ነገረቻት። ስንት ዓመትሽ ነው አለቻት። ሃያ ዘጠኝ አለች። የስንተኛ ክፍል ነሽ፣ እናትሽ ማን ትባላለች፣ ይህ ያለሽበት ከተማ ማን ይባላል። በጅዳ አሠሪዋ ፊት እንኳን እንዲህ የተዋረደች አልመሰላትም። ሁሉንም መለሰች፣ እስከ ቡታጅራ።

«እኔ አልፈርድብሽም» አለች ተናኘወርቅ። «ግን ጤናው የሚያጠራጥር ሰው ከሐኪም ወረቀት ሳያመጣ አልፈርምለትም። ሰኞ ይዘሽ ነይ።»

ሰኞ ሞተሩ የት እንደሚሆን አላህ ይወቅ። የሳሌሃ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጢን አለ። ራምዚ ነው። «ወንድሜ የት ደረስክ? ሌላ ሰው አርባ ሊሰጠኝ ነው። በግማሽ ሰዓት ካልመጣህ እለቀዋለሁ።» ሳሌሃ ስልኩን አንሥታ ለባለሙያዋ ዘረጋችላት። ከላይ ጀምረው ያንብቡት፣ እትዬ፣ አለቻት። ተናኘወርቅ መነጽሯን አደረገች። ቀስ ብላ ከ«አሰላሙ ዐለይኩም» ጀምራ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። «አላህ ያሽራት» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ወደ ላይ ተመልሳ እንደገና አነበበች።

«ጀማሉ የተባለው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም፣ አላዘነችላትምም። ይልቅ አንድ የሚያስጠላ ነገር የነካች ይመስል ስልኩን በሁለት ጣቷ መለሰችላት።

«ይኼ እብደት አይደለም፤ ተንኮል ነው። ተንኮል ጤና ይፈልጋል» አለችና ማኅተሙን አነሣች። አንዱን ቅጂ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አድርሺ፣ አንዱን ለወንድምሽ ስጪው፣ እኔን ግን ነገ ምስክር ብላችሁ እንዳትጠሩኝ አለቻት። ሳሌሃ ምስጋናዋን ሳትጨርስ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ እዚያው ቀጥሎ ነው፤ ቅጂውን አስመዘገበችና በጭቃው ላይ በእግሯ ገሰገሰች። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነበር። ሞተሩ በረንዳው ፊት ቆሟል፤ ሌላው ገዢ አልመጣም፤ መጀመሪያውኑም አልነበረም። ራምዚ ጀለቢያውን እንደለበሰ ስልኩን ያያል። ሙባሪክ ለምስክርነት መጥቶ የወረቀቱን ፖስታ በእጁ ይዟል። እናቷ ለእንግዳው የሚሆን ብርጭቆ ታጥባለች። ሳሌሃ ምንም ሳትል ወረቀቱን ለወንድሟ ሰጠችው።

አነበበው፤ ማኅተሙን አየ፤ እንደገና አነበበው። ከዚያ ያደረገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ገዢው እንዳያመልጠው ፈርቶ ስልኩ ላይ ጣቱን አጣድፎ ለጀማሉ ጻፈ። በሳሌሃ እጅ ያለው ስልክ ጢን አለ። ራምዚ ቀና አለ። ከደቂቃ በኋላ፣ እንደማያምን ሰው፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ላከ። የሳሌሃ ስልክ እንደገና ጢን አለ።

«አላልኳችሁም?» አለ ራምዚ ወደ ሙባሪክ ዞሮ። «እብድ ናት።»

ሙባሪክ ፖስታውን ለሳሌሃ አቀበላትና፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ ጭቃውን እየዘለለ በበሩ ወጣ። ራምዚ የሞተሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ከእግሯ ሥር ጭቃው ላይ ጣለው፤ ንጂዋ እንግዲህ አላት። መንዳት እንደማትችል ያውቃል። እናቷ ብርጭቆውን ይዛ እንደቆመች፣ ወንድምሽን በሰው ፊት እንዲህ ታዋርጂዋለሽ፣ ምነው እዚያው በቀረሽ አለቻት። ይህችን ቃል ሳሌሃ የምትረሳት አይደለችም። ጎንበስ ብላ ቁልፉን አነሣች፤ እናቷ ባጠበችበት ውሃ አለቀለቀችው። ከዚያ ሞተሩን በሁለት እጇ ይዛ እየገፋች፣ መሪው እየተጣመመባት፣ ጎማው አንድ ጊዜ እግሯን መትቷት፣ የበርበሬ ጆንያ ወደነበረበት ክፍሏ አስገባችው። ሞተሩ ከገባ በኋላ ለፍራሿ የተረፈው ቦታ አንድ ክንድ አይሞላም።

መግሪብ ሊል ሲል በራሷ ስም፣ በራሷ ፎቶ አዲስ ገጽ ከፈተች። ማስታወቂያውን ከወንድሟ ላይ ቀዳችው፤ አንድ ነገር ብቻ ለወጠች። «ባለቤቷ ነኝ» አለች። ደግማ ለማንበብ እንኳን ጊዜ ሳታገኝ ስልኳ ጠራ። ጎልማሳ ወንድ ነው፤ ከአገና ነኝ አለ፤ ሞተሩን አየሁት፣ ባለቤቱን አቅርቢልኝ አላት። ባለቤቷ እኔ ነኝ አለችው። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ የራምዚ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማት፤ ጆሮውን እንደጣለ አወቀች።

«እሺ እህቴ» አለ ሰውዬው። «ግን እዚያ ቤት የማናግረው ወንድ የለም?»

ሳሌሃ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ አንድም ቃል ከጣውላው ወዲያ እንዳይቀር ለቀቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አለ፤ ግን ታሟል። አእምሮው ልክ አይደለም። ስትመጣ የሆነ ነገር ቢቀባጥር አትስማው፣ ወንድሜ።»

ሰውዬው አላህ ያሽረው አላት። አሚን አለችና ስንት እንደሚሰጣት ጠየቀችው።